መልሱ ሲ ነው

በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ብሔራዊ ፈተና ላይ መጻፍን የሚመለከቱ ጥያቄዎች አሉ። ተማሪው ግን እዚያ ላይ ምንም አይጽፍም። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ይቀርቡለታል፤ በየትኛው ቅደም ተከተል ቢቀመጡ አንቀጽ እንደሚሆኑ ይጠየቃል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ብሎ ክቧን በእርሳስ ያጠቁራል። በዚህ ዓይነት ጥያቄ የተካነ አንድ የሰፈሬ ልጅ ነበር። አስጠኚዎቹ ዘዴውን አሳይተውታል፦ «ይህ» ወይም «እነዚህ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር መክፈቻ ሊሆን አይችልም፤ «በመጨረሻም» የሚለው ምንጊዜም መጨረሻ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ለአንድ ሥራ በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ጻፍ ሲባል ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉልኝና እኔ እፈርምበታለሁ» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሯል።

ልጁን ሰነፍ ብሎ ማለፍ ይቻላል። መምህሩን መውቀስም ይቻላል። የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ሲነሳ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ «ጥራቱ ወደቀ» በሚል ይጀመርና «ድሮ ቀረ» ተብሎ ቡና ሲያልቅ ያልቃል። እኔ በዚህ ዳሰሳ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዤ ልዙር፦ ተማሪያችን በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚያነበው፣ ከራሱ ሐሳብ የወጣ አንድ ገጽ የሚጽፈውስ መቼ ነው?

እንግሊዝኛ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን የገባው ከኋላ ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከአንድ በላይ የውጭ ቋንቋ ቢያስተምርም የዘመኑ ጌታ ፈረንሳይኛ ነበር። ባቡሩም ዲፕሎማሲውም የሚናገሩት እሱን ነው። ነገሩ የተገለበጠው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። ከእንግሊዝ ጦርና አማካሪዎች ጋር መጽሐፉም መምህሩም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1943 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1946 ደግሞ ጀኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ፈረንሳይኛ አንብቦ ያደገው ትውልድ ወንበሩን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ።

እነዚያ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ነበሩ። ተማሪው ጥቂት ነው፤ መምህሩ ብዙ ጊዜ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ነው፤ መጽሐፍም አለ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንና በዓሉ ግርማ በዊንጌት አልፈዋል። በዓሉ በኋላ «አዲስ ሪፖርተር» የተባለውን የእንግሊዝኛ መጽሔት አዘጋጅቷል። የጸጋዬ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። አቤ ጉበኛም በእንግሊዝኛ ጻፈ። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» እ.ኤ.አ. በ1969፣ የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» በ1973 ሃይነማን በሚያሳትመው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ወጡ። በአሥር ዓመት ውስጥ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ የአገሩ ቋንቋ ካልሆነ፣ ቅኝም ካልተገዛ አገር።

እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ 300 ገደማ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ወደየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተበተኑ። ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ናቸው፤ ማስተማር አያውቁም፤ ግን ያነባሉ። በዚያ ዘመን የተማረ የአንድ ከተማ ሰው አግኝታችሁ ስለ እንግሊዝኛ ብትጠይቁት የግስ እርባታ አያወራችሁም፤ «መምህሬ የሰጠኝ መጽሐፍ» ይላችኋል፤ ሽፋኑን ጭምር ይነግራችኋል።

ይህን የምጽፈው «ድሮ ቀረ» ለማለት አይደለም። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው ልጅ ከእኩዮቹ መካከል በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ለመቶ ልጅ የሚሠራ ነገር ለሚሊዮን ልጅ አይሠራም። እንዲያውም ቁጥሩ ገና እንዳሁኑ ሳይበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ አንድ ጥናት እንግሊዝኛ ለተማሪው የመማሪያ መንገድ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል እየሆነበት መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተሰማ፤ ቋንቋው ግን ባለበት ቀጠለ።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ወሰነ። አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሰፊ ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ችግሩ ያለው ከድልድዩ ማዶ ነው። እስከ 8ኛ በራሱ ቋንቋ የተማረ ልጅ ወደ 9ኛ ሲሻገር ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ያንን ሸክም የምትሸከመው በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ የተሰጣት የእንግሊዝኛ ትምህርት ናት። እሷም ሸክሙ ሲበዛባት የጣለችው የመጀመሪያ ዕቃ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው መጻፍ።

በመካከሉ ፕላዝማ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ይተላለፍ ጀመር። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ የፕላዝማዋን መምህርት ያስታውሳታል፦ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። መብራት ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች። የክፍሉ መምህር ቀድሞ ያስተዋውቃል፣ በኋላ ያጠቃልላል፤ መካከሉ የእሱ አይደለም። በፕላዝማ ሰዋስው ማስረዳት ይቻል ይሆናል። የልጅን አንቀጽ አንብቦ «ይህቺን ቃል ለምን መረጥሃት?» ማለት ግን አይቻልም።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስዶ፣ ኩረጃው ሲቀንስ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ግን ፊዚክሱም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ፊዚክስ ይወቅ አይወቅ በምን ይለያል?

ወደ ሥነ ጽሑፉ እንምጣ። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መጽሐፋችን በርዕሰ ጉዳይ የተከፋፈለ ነው፤ ጤና፣ አካባቢ፣ ቱሪዝም፣ ኤችአይቪ እየተባለ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ምንባብ አለው። ከምንባቡ ሥር የቃላት ፍቺ፣ ከእሱ ሥር ሰዋስው፣ ከእሱ ሥር ደግሞ መጻፍ የሚል ርዕስ ይከተላል። ምንባቡ በራሱ ምንም አይደለም፤ የቃላትና የሰዋስው ቋት ነው። ተማሪዎች «ፓሴጅ» ይሉታል። ጎበዙ ተማሪ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ አንብቦ መልሱን ከፓሴጁ ለቅሞ ይወጣል፤ ፓሴጁን አያነበውም። እንዲህ ማድረጉ ብልሃት ነው፤ አስጠኚዎቹም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ልብ ወለድ ግን እንዲህ አይለቀምም። በልብ ወለድ ውስጥ ሰውዬው ለምን ዋሸ? እናቲቱ ለምን ዝም አለች? የሚለውን ለመመለስ መስመሩን ሁሉ ማንበብ ግድ ነው፤ መልሱም ከአንድ በላይ ነው። አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል ፈተና ይህን ምን ያደርግበታል?

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍሉ እንዲፈርስና የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መሃል ላይ እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ጽሑፍ አቀረቡ። ክርክሩ በዩኒቨርሲቲ አልቀረም፤ በ1974 በናይሮቢ ስኩል የተሰበሰቡ መምህራን ወደ ሁለተኛ ደረጃ አወረዱት። ዛሬ የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና በእንግሊዝኛ ሦስት ወረቀት አለው። ሦስተኛው ክብ የሚጠቆርበት ጥያቄ የለውም፤ ሁሉም በእጅ የሚጻፍ ነው፤ አንዱ የፈጠራ ድርሰት፣ የቀሩት ደግሞ አገሪቱ በሙሉ ባነበበቻቸው መጻሕፍት ላይ የሚጻፉ ናቸው። በቅርብ ዓመታት ከተመደቡት መካከል የሄንሪ ኦሌ ኩሌት «ብሎሰምስ ኦፍ ዘ ሳቫና» አለ፤ ግርዛትንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን ሸሽተው ስለሚታገሉ የማሳይ እህትማማቾች። ከሱ ጋር የኢብሰን «ኤ ዶልስ ሃውስ» ይነበብ ነበር። በማሳዮቹ አገር በናሮክ ያለች አንዲት ልጅ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን አንብባ ቤቷ ስትገባ ምን እንደምታስብ መገመት አያዳግትም።

ኬንያን ግን አንቆለጳጵሰን አንለፍ። ተማሪው መጽሐፉን ትቶ የመጽሐፉን «ጋይድ» የሚሸመድድባት አገር ናት፤ ማጠቃለያው፣ የባለታሪኮቹ ዝርዝር፣ «ጭብጡ ይህ ነው» የሚለው ሁሉ ታትሞ ይሸጣል። ፈተና ያለበት ቦታ ሁሉ አቋራጭ ይበቅላል። እንዲህም ሆኖ አንድ ነገር በግልጽ ይለያል፦ ጋይድ የሸመደደው ልጅ እንኳ ሦስት ገጽ በራሱ እጅ ጽፎ ይወጣል። የእኛ ልጅ ክብ አጥቁሮ ይወጣል።

«መጽሐፍ ከየት ይምጣ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱ የተቆለፈ ክፍል ነው፤ ቁልፉ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ሠራተኛው በግማሽ ቀን ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ደብረ ማርቆስ ላለው ልጅ ግን አብርሆት የቴሌቪዥን ዜና ነው። ቢሆንም ችግሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያሉን መጻሕፍት በሥራ ላይ በዋሉ ነበር። «ዘ አፈርሳታ» አጭር ነው፤ ቋንቋው ቀላል ነው፤ የአንድ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ መንደሩ አጥፊውን ለማውጣት ሲሰበሰብ የሚያሳይ የአገር ቤት ታሪክ ነው። ለ10ኛ ክፍል የተሰፋ ይመስላል። ስንት ተማሪ ስሙን ሰምቷል? ከዚያም ወዲህ በእንግሊዝኛ ከጻፉት ሐማ ቱማ አለ፣ ነጋ መዝለቂያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዝርዝር የደረሰው የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» አለ፤ ታሪኩ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች ነው። የእኛ ተማሪ ስለ ማይጨው የሚያነበው በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ በነጥብ በነጥብ ተዘርዝሮ ነው።

አሁን ወደ መጻፉ። እዚህ ላይ መምህሩን ከመውቀስ በፊት ሒሳብ እንሥራ። አንድ መምህር አምስት ክፍል ይይዛል እንበል፤ በየክፍሉ 65 ተማሪ አለ። 325 ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ አንቀጽ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 1,625 ደቂቃ፣ ማለትም 27 ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ አጽፎ ለማረም ከማስተማሪያ ሰዓቱ ውጪ 27 ሰዓት! በዚህ ደመወዝ ማታ ማታ ቤት ለቤት የሚያስጠና መምህር ይህን ሰዓት ከየት ያመጣል? እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ያደረግሁትን ልናገር፦ የሁሉንም ደብተር ሰብስቤ፣ ቀኑንና ርዕሱን አይቼ፣ ከታች ቀይ መስመር አሠምርና እፈርም ነበር። ፊርማዬ «አይቼዋለሁ» ይላል። አላየሁትም።

ተማሪውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ እንዲታይ ሳይሆን እንዲፈረምበት ይጽፋል። «የቅርብ ጓደኛዬ»፣ «ከተማና ገጠር ሲነጻጸሩ»፣ «የኢንተርኔት ጥቅምና ጉዳት»። እነዚህ ድርሰቶች ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እህት የሚወርዱ ቅርሶች ናቸው። ደብዳቤ ጻፉ ሲባል ደግሞ ደስ የሚል ነገር ይመጣል፤ ልጁ ከአያቱ የሰማውን የሰላምታ ሥርዓት፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያለውን ሁሉ፣ ወደ እንግሊዝኛ ያዞረዋል። መምህሩ ስህተት ነው ብሎ ይሰርዘዋል። እኔም ሰርዣለሁ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ገጽ ላይ የልጁ የራሱ የሆነች ብቸኛ ነገር እሷ ነበረች።

በሰው ቋንቋ መጻፍ ለዚህ አገር አዲስ ነገር ቢመስለን ትልቅ መርሳት ነው። ዋሸራ ወይም ዋድላ ወዳለ የቅኔ ቤት እንሂድ። ግእዝ ዛሬ ለማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ተማሪው ግስ ያጠናል፣ አገባብ ይማራል፤ ይህ ግራመር ነው፤ ከባድ ግራመር። ግን ግራመሩ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ጥቂት እንደተማረ ጉባኤ ቃና አምጣ ይባላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሁለት ቤት፤ ግን የራሱ፤ ግን አዲስ። ልጁ ለብቻው ወደ ዛፉ ሥር ይሄድና ሲያብሰለስል ይውላል፤ ማታ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ሲያምር ያደንቃል። ነገም ሌላ። ጉባኤ ቃናው ሲሰምርለት ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት፤ ከዚያ ዋዜማ፣ አምስት፤ ከዚያ ሥላሴ፣ ከዚያ ስምንት ቤት ያለው መወድስ። የትናንቱን ዛሬ መድገም አይቻልም፤ የሰውን የራስ አድርጎ መንገር ነውር ነው። መምህሩ ለሁሉም አይዳረስም፤ ስለዚህ የገፉት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ይሰማሉ፣ ያርማሉ።

የቅኔ ቤቱን አላስጌጥም። ዓመታት ይፈጃል፤ ጀማሪው ብዙ፣ የሚዘልቀው ጥቂት ነው፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ መምህርት ቢኖሩም በሩ ለሴቶች ጠባብ ነበር። ቅኔ ለማስተማር የሚውለው ሰዓትም ከደወል ጋር አይሄድም። ሆኖም የማስተማሪያው አካሄድ ከእኛ የእንግሊዝኛ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነው። እኛ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ስለ አንቀጽ እናስተምራለን፤ መክፈቻው፣ ማጠናከሪያው፣ መዝጊያው እያልን ኖት እናስገለብጣለን፤ በመጨረሻ አንድ ቀን «ባለ አምስት አንቀጽ ኤሴይ ጻፉ» እንላለን። ጉባኤ ቃና ያልነገረን ልጅ መወድስ አምጣ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ሒሳቡን እንደገና ልሥራው። ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ባለፈው ቀን ስላየው አንድ ነገር፤ በቃል። በየዕለቱ ስድስት ተማሪ ቆሞ ቢነግርና ክፍሉ ቢያርመው 65ቱ በ11 ቀን ይዳረሳሉ። የሚታረም ደብተር የለም። ሌሎቹ በአራት በአራት ሆነው እርስ በርስ ይሰማማሉ። ስህተት ይሰማማሉ ወይ? አዎ፤ ብዙ ስህተት። አሁንስ ምን እየሰሙ ነው? ይህ ተአምር አይሠራም፤ ግን ልጁ በዓመቱ መጨረሻ የራሱ የሆነ ሃያ ያህል ነገር በእንግሊዝኛ ተናግሯል ማለት ነው። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አራት ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ይጻፋል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋን ከእንግሊዝኛ ክፍል ማባረርም ሌላው ያልገባኝ ነገር ነው። «ኖ አማሪክ!» የሚል ወረቀት በራቸው ላይ የተለጠፈባቸው ክፍሎች አይቻለሁ፤ አማርኛ የተናገረ ልጅ ሳንቲም ይቀጣል። ሥነ ጽሑፍ ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ ግን እንይ። ሼክስፒርን ኢትዮጵያዊው ያወቀው በከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»፣ በጸጋዬ «ኦቴሎ»ና «ሐምሌት» ነው፤ በአማርኛ፣ በመድረክ ላይ። ነቢይ መኮንን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው። ከዚህ በላይ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድን ጠልቆ ማንበብ ምን አለ? ተርጓሚ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ያነባል።

ይህንን ወደ ክፍል ማምጣት ውድ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሲሳይ አየነው «ላቭ አንቱ ክሪፕት» ተብሎ ተተርጉሟል። አንድ ገጽ ከዚህ፣ አንድ ገጽ ከዚያ አባዝቶ ለክፍሉ ማደል ይቻላል። ልጁ ታሪኩን ያውቀዋል፤ በሬዲዮ ሰምቶታል ወይም እናቱ ነግራዋለች። ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ ብቻ ያተኩራል፦ ተርጓሚው ይህቺን ተረት እንዴት አለፋት? እዚህ ጋ ምን ጎደለ? አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነው የአምቦ ወይም የሐዋሳ ልጅም ከራሱ ቋንቋ አንድ ተረት አምጥቶ በአምስት መስመር እንግሊዝኛ ማድረግ ይችላል። የቋንቋ ደረጃው ዝቅ ላለ ክፍል የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ባለ ሁለት ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ «ሲሊ ማሞ» እንኳ ትሠራለች። የ9ኛ ክፍል ልጅ መጀመሪያ ያፍራል፤ ከዚያ ይስቃል፤ ከዚያ ያነባል።

በአሜሪካ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን 10ኛ ክፍል ሲያስገቡ የሚገጥማቸው ነገር ችግሩን ከሌላ ማዕዘን ያሳያል። ከአገር ቤት በጥሩ ውጤት የሄደ ልጅ እዚያ አንድ ልብ ወለድ ይሰጠውና «አንተ ምን ታስባለህ?» ይባላል። ልጁ ደንግጦ የመጽሐፉን ቃላት በጥንቃቄ ገልብጦ ያስገባል። በአገሩ የመምህርን ኖት ቃል በቃል መመለስ የጉብዝና ምልክት ነበር፤ እዚያ ስርቆት ይባላል። አባት ትምህርት ቤት ይጠራል። አባትየው «ልጄ ሌባ አይደለም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ልጁ የተማረውን ነው ያደረገው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ስልኩ መጣ። የቤት ሥራው በቴሌግራም ቡድን ተሰርቶ ይሰራጫል፤ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ድርሰቱን በአንድ ትንፋሽ ይጽፈዋል። ብዙ መምህራን በዚህ ተደናግጠዋል። እኔ ያን ያህል አልደነገጥኩም። ማሽኑ የሚጽፈው «የኢንተርኔት ጥቅምና ጉዳት» ልጆቻችን ከታላላቆቻቸው ይወርሱት ከነበረው በእንግሊዝኛው የተሻለ ነው፤ ባዶነቱ ግን ያው ነው። ማሽኑ የማይነካው ነገር ልጁ ቆሞ በመምህሩ ፊት የሚነግረው ነው፤ ትናንት ስላየው።

በቅርቡ የተጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አዳዲስ መጻሕፍት ይዞ መጥቷል። መጻፍ የሚል ክፍል በየምዕራፉ አለ። ፈተናው ግን እስካሁን ክብ ማጥቆር ነው። እዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አንዲት አንቀጽ በእጅ የምትጻፍ እስካልገባች ድረስ መጽሐፉ ምንም ቢሻሻል መምህሩ ያንን ገጽ ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። አራሚ ከየት ይመጣል የሚባለውን አውቃለሁ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በእጅ ማረም ኬንያን በየዓመቱ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጭቅጭቅ ያስወጣታል። ግን ያስወጣታል፤ ታርማለች።

ማስተማር ከማቆሜ በፊት በነበረው የመጨረሻ ዓመት አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ የሚለውን ጨዋታ ያኔ ነው የጀመርኩት፤ ዘግይቼ። ተራዋ ሲደርስ ቆማ ስለ አባቷ ተናገረች። አባቷ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ማታ ሲገባ ቅንድቡ በዱቄት ነጭ ስለሚሆን ሽማግሌ ይመስላል፤ ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ ወጣት ይሆናል። በየማታው አባቷ አርጅቶ እንደገና ወጣት ሲሆን እንደምታየው ነገረችን። ግሶቹ ሁሉ ጊዜያቸውን ስተዋል፤ «ዱቄት» የሚለውን በአማርኛ አለችው። ክፍሉ ዝም አለ፤ አንድ ልጅ ከኋላ «ጻፊው» አላት።

ጻፈችው። ነጥብ ልሰጣት ማርክ ሊስቱን ገለጥኩ። ቴስት አንድ፣ ቴስት ሁለት፣ ሚድ፣ አሳይመንት፣ ደብተር፣ ፋይናል። የትኛው ውስጥ እንደምጽፍላት ጨነቀኝ። በመጨረሻ «ደብተር» የሚለው ውስጥ 5 ከ5 ጻፍኩላት።